ድሬ ላይ የስፒች ቴራፒ (የንግግርና የመዋጥ ችግር ሕክምና) ሥራ ስትጀምሩ

ዲግሪውንና የሙያ ፈቃዱን እንደያዛችሁ ልቁጠረው። እዚህ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ሕክምና ሳይሆን ሥራችሁን ማስረዳት ነው። እኔን "ዲዳ ታናግሪያለሽ አሉ" ያሉኝን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ቢሮ ይሰጠኝ ብላችሁ አትቀመጡ። በጠዋት ዋርድ ግቡ፣ ከሲስተሮቹ ጋር ቡና ጠጡ።

በር የሚከፍትላችሁ ስትሮክ ነው። "ምግብ ትን የሚለው ሰውዬ አለ" ሲሏችሁ ሂዱ። ነቅቶ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አፉን እዩ፣ ውሃ በሻይ ማንኪያ ስጡትና "አ" በል በሉት። ካሳለ ወይም ድምፁ ውሃ ውሃ ካለ አቁማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበትም ሰው ስላለ ዝም ማለቱ አያዘናጋችሁ። ቤተሰብ በፍቅር ብዛት አጥሚቱን አስተኝቶ ነው የሚግተው፤ ተቀምጦ ይብላ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛ።

ወደ ልጆች ስትመጡ መጀመሪያ ጆሮ ይመርመር። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቀጥሎ ያለው ነው እኔን ያዋረደኝ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አስተማሪው "አፉ አይፈታም" ብላ ላከችው። እኔም ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የአማርኛ የስዕል ካርድ ዘረጋሁ። ፖሊስን "ቦሊስ"፣ ጠረጴዛን "ተረቤዛ" አለኝ። የንግግር ችግር አለበት ብዬ ጻፍኩ፣ እናቱንም በየሳምንቱ ከገጠር እያመላለስኩ የትራንስፖርት ብሯን አስጨረስኳት። በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ "እንዴ፣ እኛም እኮ ቦሊስ ነው የምንለው!" ብላ ሳቀች። ልጁ ቤቱ የሚናገረው ሶማሊኛ ነው። ሶማሊኛ ደግሞ "ፕ"ም "ጥ"ም የለውም። ልጁ ጤነኛ ነበር፣ አማርኛ ገና እየለመደ ነው እንጂ።

ስለዚህ ማንንም ልጅ ሳትመረምሩ በፊት የቃል ዝርዝር አዘጋጁ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማሊኛና ለአማርኛ ለየብቻ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሐረሪም ጨምሩ። አማርኛውን መተርጎም አይሆንም፣ ድምፆቹ ይለያያሉ። ኦሮምኛ ቅቤን "ዸዻ" ሲል ያንን "ዸ" የእኛ ጆሮ "ደ" ብሎ ያልፈዋል፤ ልጁ ይሳተው አይሳተው በምን ታውቃላችሁ? በቋንቋው ያደገ ትልቅ ሰው ቃላቱን ሲል በስልክ ቅዱ። ከዚያ ንግግራቸው ደህና የሆኑ የሰፈር ልጆችን ቅዱ፣ ወላጅ አስፈቅዳችሁ። መለኪያችሁ እነሱ ናቸው። አስተርጓሚ ስትይዙ ደግሞ "ምን አለ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው ሲተረጉም ስህተቱን አቃንቶ ነው የሚነግራችሁ። "ልክ እሱ እንዳለው ድገሚልኝ" በሏት።

ካርዱንስ? ከውጭ የመጣውን ሽኮኮና እንጆሪ ያለበትን ተዉት። ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ግመል፣ ማንጎ፣ ጀሪካን ፎቶ አንሱ።

ገጠር ስትወጡ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር፣ በገበያ ቀን፣ ፀሐይ ሳይከር ውጡ። ለእናት የሳምንት ቀጠሮ አትስጡ፣ አትመጣም። አንድ ልምምድ ብቻ አሳዩአትና እዚያው ፊታችሁ ከልጇ ጋር ትሞክረው። ስታደርገው ካያችሁ በኋላ ለሚቀጥለው ወር ገበያ ቅጠሯት።