ኮዱን ቀይሬ ታስኩ ለምን አልሰማኝም? የጃንጎና የሰለሪን ችግር እንዴት እንፈታለን

ባሕር ዳር ላይ ለዘጌ ጀልባ ተሳፋሪዎች መልእክት የምትልክ ትንሽ ዌብሳይት ስሠራ አንዲት መስመር ኮድ ቀኑን ሙሉ አሾፈችብኝ። የመነሻውን ሰዓት ከ12 ወደ 1 ቀየርኩ። በራሴ ስልክ ስሞክር 1 ሰዓት አለ። ጎሽ! በጓደኛዬ ስልክ ስሞክር 12 ሰዓት። መልእክቱን ደግሜ ስልከው እንደገና 1። ጣና ዳር ተቀምጬ ሦስተኛ ማኪያቶ አስመጣሁ እንጂ መፍትሔ አላመጣሁም።

ዌብሳይቱ ጃንጎ በሚባለው የፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ የተሠራ ነው። መልእክት የሚልከው ታስኮችን (ሥራዎችን) ከጀርባ የሚሠራው ሰለሪ ነው፤ ሥራውን በወረፋ የሚይዝለት ደግሞ ሬዲስ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. የትኛው ኮድ እየሠራ እንደሆነ አረጋግጡ

የጃንጎ ራንሰርቨር (ዌብሳይቱን በራሳችሁ ኮምፒውተር ለሙከራ የሚያስነሳው ትዕዛዝ) ፋይል ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ራሱን ያድሳል። ታስኮቹን የሚሠራው የሰለሪ ወርከር ግን ለብቻው የቆመ ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) ነው። ሲነሳ ያነበበውን ኮድ ይዞ ይቀጥላል፤ መቶ ጊዜ ሴቭ ብታደርጉ ጉዳዩም አይደለም። ስለዚህ ታስኩ መጀመሪያ ላይ አንድ ፕሪንት ጨምሩ። «ሙከራ 1» የሚል ምልክትና የፕሮሰሱን ቁጥር ይጻፍ። ወርከሩን በኮንትሮልና ሲ አቁሙና እንደገና አስነሱ። ምልክቱ ሁልጊዜ ከወጣ ተገላገላችሁ።

2. የተረሳ ወርከር ፈልጉ

ምልክቱ አንዳንዴ ወጥቶ አንዳንዴ ከጠፋ፣ የእኔው ጣጣ ደርሶባችኋል ማለት ነው። ማታ በሌላ ተርሚናል ያስነሳሁት ወርከር አልሞተም ነበር። አሮጌውና አዲሱ ከአንድ ወረፋ ይሻማሉ፤ ሥራውን ቀድሞ ያነሳው ይልከዋል። ለዚህ ነው ሁለቱ ስልኮች የተለያዩት። የሥራ ባልደረባችሁ ኮምፒውተርም ከዚያው ሬዲስ ጋር ከተያያዘ ያው ነው።

በሊኑክስ እየሮጡ ያሉ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን የፒኤስ ትዕዛዝ ሰጥታችሁ ሰለሪ የሚሉትን መስመሮች እዩ። ብዙ መስመር ስታዩ አትደንግጡ፤ አንድ ወርከር በተለምዶ አንድ ወላጅና በፕሮሰሰሩ ኮር ልክ ልጆች አሉት። የሚያጠራጥረው ሁለት ወላጅ ሲገኝ ነው። አሮጌውን ወላጅ በተራ ኪል አቁሙት፤ የጀመረውን ሥራ ጨርሶ ይወጣል። ኪል 9 ግን መሀል ላይ ይቆርጠዋል፤ ሌላ አማራጭ ካልጠፋ አትንኩት።

3. ወርከሩ በራሱ እንዲነሳ አድርጉ

የቆዩ ጽሑፎች «አውቶሪሎድ የሚለውን ጨምር» ይሏችኋል። አትድከሙ፤ በ2016 በወጣው ሰለሪ 4 ተወግዷል። ዋችዶግ የሚባለውን የፓይተን ፓኬጅ ጫኑ። ፋይል ሲቀየር ወርከሩን አቁሞ ያስነሳል። ይህ ግን ለራሳችሁ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ዋናው ሰርቨር ላይ አዲስ ኮድ በጫናችሁ ቁጥር ወርከሩን ሪስታርት የሚያደርግ ትዕዛዝ ጨምሩ።

4. ታስኩ ሁለቴ ከሠራ ወይም ዳታውን ካጣ

ራንሰርቨር ሁለት ፕሮሰስ ያስነሳል፤ አንዱ ፋይል ይጠብቃል፣ ሌላው ሥራውን ይሠራል። አፑ ሲነሳ የሚሮጥ ኮድ ጽፋችሁ ከሆነ በሁለቱም ሊሮጥ ይችላል። በኖሪሎድ (ራሱን እንዳያድስ በሚያደርገው አማራጭ) አስነስታችሁ አንዴ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ትኬቱ ዳታቤዝ ውስጥ እያለ ታስኩ «የለም» ካለ ደግሞ ወርከሩ ትራንዛክሽኑ (ዳታውን የመመዝገቡ ሥራ) ሳይዘጋ ቀድሞ ደርሷል። ታስኩን በቀጥታ አትጥሩ፤ ትራንዛክሽኑ እስኪዘጋ በሚጠብቀው በጃንጎ ኦንኮሚት በኩል ላኩት።

5. ሰዓቱን እዩ

ማስታወሻው ጠዋት 11 ሰዓት እንዲላክ ፈልጌ በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ብዬ ጻፍኩ። ሰለሪ ካልተነገረው ዩቲሲን (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነውን የዓለም መነሻ ሰዓት) ስለሚከተል 3 ሰዓት ዘግይቶ 2 ሰዓት ላይ ላከው። ጀልባዋ በ1 ሰዓት ሄዳለች! ሴቲንግ ላይ የሰለሪን የሰዓት ክልል «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» አድርጉት። ከዚያ ቢትንም (ታስኮችን በሰዓታቸው ወደ ወረፋው የሚልከውን የሰለሪ ክፍል) ወርከሩንም እንደገና አስነሱ፤ ቢትም እንደ ወርከሩ ሴቲንግ የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው።