ከካርቡራተር ወደ ኢንጀክሽን፦ ሥራው ከታንኩ ይጀምራል

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ መካኒክ ነኝ። የራሴ መኪና የ1978 ሸቭሮሌ ሲ10 ፒክአፕ ነው፤ ሞተሩ 350 የሚባለው፣ 5.7 ሊትር ቪ8። ካርቡራተሩን፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን የድሮ ዕቃ አውጥቼ ኢንጀክሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር እየተመጠነ ቤንዚን የሚረጨውን ዘዴ ካስገባሁለት ወዲህ እንዴት እንደሠራሁት የሚጠይቁኝ ወንድሞች በዝተዋል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ሞተሩ ላይ ስለሚቀመጠው ዕቃ ነው። እሱ ግን ቀላሉ ነው፤ በአራት ብሎን ይታሰራል። ኢንጀክሽን የሚሳካውም የሚበላሸውም በነዳጅ መስመሩና በኤሌክትሪኩ ነው። እኔም ብዙ የምለው ስለነሱ ነው።

ለምን መቀየር አስፈለገ? ካርቡራተር ከፍታ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ኦሮራ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአይ 70 መንገድ ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ይጠብቃችኋል። እዚያ ሲደርስ የኔ ፒክአፕ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፣ ጉልበቱም ያልቅ ነበር። አገር ቤት የሠራ መካኒክ ይህን በደንብ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር አዋሽ ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን ያጥረዋል። ኢንጀክሽን የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞተሩን መርምሩ። ኢንጀክሽን ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ያነሰውን ሞተር አያድነውም። ኮምፕረሽኑን ለኩ፣ ካንዴላዎቹን እዩ፣ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) አስተካክሉ። ያረጁትን የቫኪዩም ቱቦዎች (የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚያስተላልፉትን) በሙሉ ቀይሩ፤ የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ አትርሱ። ሾልኮ የሚገባ አየር የኢንጀክሽኑን ኮምፒውተር ያሳስተዋል። ሌላም አለ። አገር ቤት መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ መስመሩን የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ የመጣል ልማድ አለን። እዚህ ላይ ይህ ልማድ ሥራውን ያበላሻል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ መማር (የቤንዚኑን ልክ ራሱ ማስተካከል) አይጀምርም፣ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር እየቆጠረው ቤንዚን ሲጨምርበት ይኖራል። ቴርሞስታት ከሌለው መልሱለት።

ኪቱን (ተሟልቶ የሚሸጠውን የኢንጀክሽን ዕቃ) በተመለከተ፣ ለእንዲህ ያለ ፒክአፕ የምመክረው በካርቡራተሩ ቦታ የሚቀመጠውን ዓይነት ነው። አራት ኢንጀክተር አለው፣ ኮምፒውተሩም አብሮት ተገጥሟል። ሆሊ ስናይፐርና ፋይቴክ የታወቁት ናቸው። ዋጋው ከ1,000 ዶላር ያልፋል፣ የታንኩ ሥራ ሳይጨመር። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ የ1976 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ካላችሁ፣ ኪቱ የክፍለ ግዛቱ የአየር ጥበቃ ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ አለበለዚያ የጭስ ምርመራውን አታልፉም።

የሲ10ን ባለቤቶች የሚያስቸግር ነገር አለ። ፋብሪካው የገጠመው ኳድራጄት ካርቡራተር የፊት ቀዳዳዎቹ ጠባብ፣ የኋላዎቹ ሰፊ ናቸው። የኪቱ አራቱ ቀዳዳዎች ግን እኩል ናቸው። መሃል ላይ አዳፕተር ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ማኒፎልዱን (ካርቡራተሩ የሚቀመጥበትን የአየር ማከፋፈያ) ራሱን መቀየር እመርጣለሁ። አየር ሊያሾልክ የሚችል አንድ መጋጠሚያ ይቀንስላችኋል።

አሁን ወደ ታንኩ። ካርቡራተር የሚፈልገው ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ግፊት ነው። ኢንጀክሽኑ የሚፈልገው ግን ወደ 60 ይጠጋል። ስለዚህ የድሮው ፓምፕ፣ የድሮው ጎማ ቱቦ፣ የድሮው ማሰሪያ አንዱም አይሆንም። ሞተሩ ጎን ያለውን ፓምፕ ፍቱና ቀዳዳውን በክዳንና በጓርኒሲዮን ዝጉት። ፓምፑን የሚገፋውን ዘንግም አብራችሁ አውጡ፤ ብዙ ሰው ውስጥ ይረሳዋል።

አዲሱ ፓምፕ ታንኩ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። ቤንዚኑ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ድምፁም አይረብሽም። የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። ውጭ የምትገጥሙት ከሆነ ከታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይሁን። ጄኔራል ሞተርስ እነዚህን ፒክአፖች በ1987 ራሱ ወደ ኢንጀክሽን ስለቀየራቸው ፓምፕ ውስጡ የሚቀበል ታንክ ይገኛል። ሁለት ታንክ ካላችሁ በአንዱ ብቻ ጀምሩ።

ከፓምፑ በፊት ሻካራ ፊልትሮ፣ ከፓምፑ በኋላ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ይግባ። ወደ ታንኩ የሚመለስ መስመርም ሥሩ፤ ቤንዚኑ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አይፈላም። ጎማ ቱቦ የምትጠቀሙ ከሆነ በላዩ 30 አር 9 (ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ ቱቦ ምልክት) የሚል ጽሑፍ ይኑርበት። ታንክ ስታወርዱ ደጅ ሥሩ፣ ቤንዚኑን አስቀድማችሁ ቅዱ፣ የባትሪውን ማሳ (ኔጌቲቩን) ፍቱ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ያገለገለ ታንክ አጠገብ ብየዳ በፍጹም አይሞከርም።

የሚበየደው የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው፤ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለሚለካው ሴንሰር። ቦታው ጭሱን ከሞተሩ ከሚሰበስበው ማኒፎልድ በታች፣ ከማርሚታውና ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊቲክ በፊት ነው። ሴንሰሩ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ይበል። ወደ ታች ከዞረ ውሃ ይጠራቀምበትና ይሞታል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቀዳዳ ካለ ድፈኑ።

ኤሌክትሪኩ ላይ አትቸኩሉ። የኮምፒውተሩ ፖዘቲቭም ማሳውም በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ይምጣ፤ ካቢኑ ውስጥ ካገኛችሁት ሽቦ ጋር አትቀጥሉት። በቁልፍ የሚበራው ሽቦ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞርም ኃይል ሊኖረው ይገባል። መኪናው ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሞተሪኖ ሲዞር የሚጠፋ ሽቦ አለው፤ በቴስተር ለዩት። የሞተሩ ዙር ምልክት ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር፣ ታክ ከሚለው ጫፍ ይወሰዳል። የኪቱን ሽቦዎች ከካንዴላ ገመዶች አርቁ።

ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር የሚያገናኙ አሉ። አታድርጉት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞር ማቆሙን ሲያይ ፓምፑን ያጠፋል። በግጭት ጊዜ ቱቦ ቢበጠስ ቤንዚኑ መፍሰሱን የሚያቆመው ይህ ነው።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ፓምፑ ጥቂት ሰከንድ ጮሆ ያቆማል። ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱ። በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መጋጠሚያ እዩ፣ በእጅ ዳስሱ። እርጥብ ነገር ከሌለ በስክሪኑ ላይ የሞተሩን መጠን፣ የሲሊንደሩን ብዛትና የካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ዓይነት አስገብታችሁ አስነሱት።

እስኪሞቅ ድረስ ሚኒሞው (ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ ላይ ያለው የአየር ቫልቭ ጥቂት በመቶ ብቻ ተከፍቶ እንዲሠራ የስሮትሉን (የአየር መግቢያ በሩን) ብሎን አስተካክሉ። ከዚያ ንዱት። ቀስ ብላችሁ፣ ፍጥነቱን እየለዋወጣችሁ፣ ዳገትም ቁልቁለትም አሳዩት። ኮምፒውተሩ የሚማረው እንደዚያ ነው። እስከ ወለሉ መርገጡ ይቆይ።

ኪቱ የታይሚንግ ቁጥጥርም ሊኖረው ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት አትንኩት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ ይከብዳል። ነዳጁ ሲረጋጋ ማሰሪያዎቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፤ የድሮው ታንክና መስመር ያከማቹት ዝገት መጀመሪያ የሚወርደው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ታይሚንጉ መሄድ ትችላላችሁ።