ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም? ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት

አዳማ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ባትሪ እንዴት ቶሎ እንደሚደክም ያውቃል። ሙቀቱ አለ፣ አቧራው አለ። ከመተሐራ በኩል የሚመጣ መኪና ደግሞ ኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ሲግል ነው የሚውለው። ታዲያ አንድ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ "ጠቅ" ብሎ ዝም ይላል። ባለመኪናው ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ይወድቃል። ያኔ ደግሞ "ዲናሞው አልቆለታል፣ ሙሉውን ቀይረው" ይባላል።

በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ያንገበግበኛል። ዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ፣ በሙሉ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ውስጡ ያለ አንድ ትንሽ ዕቃ ወይም ከጎኑ የላላ ሽቦ ነው። እሱን ለይቶ ያወቀ ሰው ወጪው የእጅ ዋጋና ካርቦን የሚባለው ትንሽ ዕቃ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ባትሪው ሮቶ ነው፤ ዲናሞው የሚሞላው ቧንቧ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ሮቶ ለመቀየር የሚሮጥ ሰው የለም። መጀመሪያ ውኃው መምጣቱን ነው የምናየው።

ከሁሉ በፊት መለካት

አንድ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ ያስፈልጋችኋል። ርካሹም ይበቃል። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት። ቀዩን ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ አስነኩ። ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረው ሞርሴቶ ላይ ሳይሆን ራሱ የባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ ይሁን። ሞርሴቶው ውስጡ ዝጎ ከሆነ የምታነቡት ቁጥር ያሳስታችኋል።

መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አስነሱት። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሠራ ነው። በዚህ አትቁሙ። የፊት መብራቱን፣ የአየር ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ክፈቱና ነዳጅ ትንሽ ስጡት። ቁጥሩ ከ13.5 በላይ ከቆየ ዲናሞውን ተዉትና ባትሪውን አስመርምሩ። 12.4 ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ከወረደ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ ነው፤ እሱ ከታች ይመጣል።

24 ቮልት ለሆኑ የጭነት መኪኖች ቁጥሩን በሁለት አባዙት። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ መኪኖች ላይ ቻርጁን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። መብራት አብርታችሁ ደግማችሁ ሳትለኩ አትፍረዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። "ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ፍታው፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚል ሰው ሲመጣ አስቁሙት። በካርቡሬተር ዘመን ብዙ ሰው ያደርገው ነበር። ባትሪው በድንገት ሲነሳ የዲናሞው ቮልቴጅ ይዘላል። ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዳዮድ ሊያቃጥል፣ ከዚያም አልፎ የመኪናውን ኮምፒውተር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለነጻ ምርመራ ተብሎ የሚከፈል ትልቅ ዋጋ ነው።

ቁልፍ ሲከፈት የባትሪው መብራት ጭራሽ አይበራም

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ ምልክት መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ፊውዝ ሄዷል፣ ወይም ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሶኬት ወልቋል። በብዙ የቆዩ መኪኖች ዲናሞው መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው በዚያች አምፖል በኩል በሚመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከሞተች ደህናው ዲናሞም ሊተኛ ይችላል።

ቶዮታ ላይ ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ አለው። አንዱ ከቁልፍ የሚመጣ፣ አንዱ ወደ ዳሽቦርዱ መብራት የሚሄድ፣ አንዱ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያነብ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ጥርሶቹን እዩ። አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱትና መልሱት። የፊውዝ ሳጥኑንም ክፈቱ። ትልቁ የዲናሞ ፊውዝ በተለይ የሚሄደው ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር ነው። ሰሞኑን መኪናውን በኬብል ያስነሳላችሁ ሰው ካለና ቻርጁ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ከሆነ ፍለጋውን ከዚህ ጀምሩ።

ጠዋት ሲነሳ ይጮሃል፣ መብራት ሲበራ ይብሳል

ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ነው። ላልቷል ወይም አርጅቷል። መሀሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አጥብቁት። ውስጡ መስታወት መስሎ ካንጸባረቀ ወይም ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት። ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ጠዋት ይሞላል፣ ሲሞቅ ይተዋል

ይህኛው ነው ብዙ ሰው ሙሉ ዲናሞ የሚያስገዛው። ምልክቱ ይቆራረጣል። ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስትዘሉ ቀይ መብራቷ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ዲናሞውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ቻርጁ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ ይጠፋል።

ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው። ካርቦኖቹ ሁለት ናቸው፤ በስፕሪንግ እየተገፉ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ይነካሉ። አዲስ ሲሆኑ ከመያዣቸው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይወጣሉ። ሲነካኩ እየተበሉ ያጥራሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀራቸው ስፕሪንጉ መግፋት ያቅተዋል። መኪናው ሲነቀነቅ ይለያያሉ፣ ሲመታ ይገናኛሉ።

ሳትፈቱ ማወቂያ አለ። የቆየ መኪና ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። የካቻቢቴውን የብረት ጫፍ ወደ ዲናሞው ጀርባ መሀል፣ ኩሽኔታው ወዳለበት አስጠጉት። በማግኔት ሲሳብ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከሳበ ካርቦኑ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነው፤ ችግሩን ዳዮዱ፣ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ወይም ወፍራሙ ገመድ ላይ ፈልጉ። ካልሳበ ካርቦኑ፣ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ወይም ከቁልፍ የሚመጣው ሽቦ ነው። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ግን ካቻቢቴ ወደዚያ አታስጠጉ።

ካርቦን ከዲናሞ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው። ብዙ ዲናሞ ላይ የኋላው ክዳን ተከፍቶ መያዣው በሁለት ብሎን ይወጣል። አንዳንዱ ላይ አዲሶቹ በካውያ ይበየዳሉ። ሲከፈት አጠገቡ ቁሙና "ወንድሜ፣ ቀለበቱን አሳየኝ" በሉት። ቀለበቱ ጥቁር ብቻ ከሆነ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካበጀ ግን አዲሱም ካርቦን አይቆይም፤ ቀለበቱ መቀየር ወይም መላጥ አለበት።

ካርቦኑ በዘይት ርሶ ከወጣም መንስኤውን ፈልጉ። ከላይ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት እየተንጠባጠበበት ይሆናል። ማፍሰሱ ሳይቆም የተቀየረ ካርቦን ቶሎ ይመለስባችኋል። መኪና ስታሳጥቡም ውኃው በኃይል ዲናሞው ውስጥ እንዳይረጭ ተናገሩ።

ቀን ደህና ነው፣ አድሮ ባትሪው ባዶ ይሆናል

መብራት ረስታችሁ ካልሆነ ዳዮዱን ጠርጥሩ። ዳዮድ ዲናሞው የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራዋል። ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ከባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሌላው ብረት ቀዝቅዞ እሱ ለብ ካለ ሌባውን አገኛችሁት።

በቴስተርም ይታያል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አዙሩና ባትሪው ላይ ለኩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ዳዮዱ ጤና የለውም። መብራቱ መርገብገቡ፣ ሬዲዮው ከሞተሩ ጋር "ዊ" ማለቱ ከዚሁ ነው። የዳዮድ ሳህኑ ለብቻው ይቀየራል።

አምፖል ይቃጠላል፣ ባትሪው ይሸታል

ከ15 ቮልት በላይ ነው። ሬጉሌተሩ አልቆጣጠር ብሏል፣ ወይም ቮልቴጁን የሚያነበው ሽቦ ተቆርጧል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለ ባትሪው እየፈላ ነው። አጥፉት፣ እሳት አታስጠጉ፣ በዚህ ሁኔታም አትንዱት። ሬጉሌተሩ ይቀየር። ብዙ ጊዜ ከካርቦኑ መያዣ ጋር አንድ ላይ ይሸጣል።

ቅርር የሚል ድምፅ

ቺንጊያውን አውጥታችሁ እሱ የሚያርፍበትን ፑሊ በእጅ አዙሩት። ከተንገጫገጨ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ብትሄዱ ከዲናሞ ሻጭ ሳይሆን ከኩሽኔታ ሻጭ ትገዛላችሁ። ዋጋው በጣም ይለያያል።

ሁሉም ደህና፣ ቻርጁ ግን አይደርስም

ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ብሎን ላይ 14.4፣ ባትሪው ላይ 13.2 ካነበባችሁ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ከዲናሞው ብሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭም እንዲሁ ለኩ። ሞርሴቶ ማጽዳትና የማሳውን ገመድ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን) ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉም ጥገና የምወደው ይህንን ነው።

መቀየሩ ግድ ከሆነ

ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ከተቃጠለ ሽታው ይናገራል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። አዳማ ውስጥ ሽቦ የሚጠመጥም ባለሙያ ካገኛችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ከዚያ ካገለገለ ዲናሞ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ለአብዛኛው የቤት መኪና የእኔ ምርጫ ያገለገለ ኦርጅናል ገዝቶ፣ ሳይገጠም ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ማሳደስ ነው። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ከመግዛት ይሻለኛል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ "የቪትዝ ነው" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የሶኬቱ ጥርስ ብዛት፣ የፑሊው መስመር ብዛት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው አምፔር ሁሉም መግጠም አለበት። አምፔሩ ከድሮው አይነስ። ሻጩ አዙሮ እያሳየ ቴስተር ላይ ካላነበባችሁ ገንዘብ አትስጡ። የመመለሻ ቀንም በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

የናፍጣ ሚኒባስና ፒካፕ ያላችሁ ለዚህ ጆሮ ስጡ። በብዙ የቆዩ የቶዮታና የኢሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ዲናሞው ጀርባ ላይ የፍሬን ርግጫን የሚያቀልል ቫኪዩም ፓምፕ አለ። እሱ የሌለው ዲናሞ በርካሽ ቢገኝም ፍሬናችሁን ድንጋይ ያደርገዋል። ሲገጠምም የዘይት ቱቦዎቹ ይታሰሩ፣ የፍሬኑም ርግጫ ቆሞ ይሞከር።

ሲፈታ መጀመሪያ የሚነሳው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው። ወፍራሙ ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት፤ ብሎን የምትፈቱበት ቁልፍ ሌላ ብረት ከነካ ብልጭታው ያቃጥላል። የቺንጊያውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከመገጠሙ በፊት ደግሞ ባትሪውን በቻርጀር አስሞሉት። ባዶ ባትሪ አዲሱን ዲናሞ ለረጅም ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ያስወጣዋል፤ በአዳማ ሙቀት እንዲህ መጀመሩ ሊያቃጥለው ይችላል።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትመጡ ቀዩ መብራት ቢበራ ሞተሩን አታጥፉ። ማቀዝቀዣውንና ሬዲዮውን አጥፉ፣ ስልክ ቻርጀሩን ንቀሉ። ቀን ከሆነ በባትሪው ብቻ የተወሰነ መንገድ ትሄዳላችሁ፤ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ የድሮ ናፍጣ ከቤንዚኑ ይርቃል። ሲመሽ ግን መብራት ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ሳይጨልም መውጫ ፈልጉ።

መብራቱ ሲበራ ዓይናችሁ ወዲያው ወደ ሙቀት መለኪያው ይሂድ። በብዙ መኪኖች የዲናሞው ቺንጊያ የውኃ ፓምፑንም ያዞራል። መርፌው ከወጣ ወይም መሪው በድንገት ከከበደ ቺንጊያው ተበጥሷል። ያኔ ዳር ይዛችሁ አጥፉት፤ አንድ ኪሎ ሜትርም አትጨምሩ። ራዲያተሩንም ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ።