ሻጭ የቤት ሽያጭ ውል ሲያፈርስ የጉዳት ካሳ እንዴት ይሰላል?

ሻጭ «ገንዘብህን ውሰድ፣ ቤቱን አልሸጥም» ሲል ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ያወጣውን ሁሉ መደመር ነው፦ የከፈለው ቅድሚያ፣ ድለላው፣ የቤት ኪራዩ፣ ወለዱ፣ በዚያ ላይ የቤቱ ዋጋ ጭማሪ። እንዲህ ተደምሮ የቀረበ ክስ ችሎት ፊት ይቀልላል። ከተዘረዘረው ውስጥ አንዳንዱ ውሉ ባይፈርስም የሚወጣ ወጪ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት ስም የተጠራ አንድ ጉዳት ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከትሎ ለገዢ የተዘጋጀ ነው።

1. መጀመሪያ ውሉ ራሱ መጽናቱን ያረጋግጡ

የውል ካሳ የሚገኘው ከጸና ውል ብቻ ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሕጉ ቁጥር 1723 መሠረትም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። ደላላ ቢሮ ተጽፎ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ብቻ ከያዙ በእጅዎ ያለው ረቂቅ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቁት የከፈሉት እንዲመለስ ነው። በውሉ የተጻፈው ገደብም (ውል አፍራሽ እንዲከፍል አስቀድሞ የተወሰነው ገንዘብ) አብሮ ይወድቃል።

ሌሎች ውል የሚያፈርሱ ነገሮችም አሉ። የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ተጋቢ ብቻውን ከሸጠ፣ ሌላው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ መሆን አለበት። መሬት ስለማይሸጥ፣ ባዶ ቦታ «የሸጠ» ሰው ላይ የቦታውን የገበያ ዋጋ መሠረት አድርጎ ካሳ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

2. የከፈሉት ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

ይህች አንዲት ቃል ብዙ ገንዘብ ትበላለች። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለም እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል። ማለትም ቀብድ የመውጫ ዋጋ ነው። 100,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ቤቱ በሚሊዮን ሲጨምር 200,000 መልሶ ቢሄድ ይመርጣል፤ ሕጉም መንገዱን ሰጥቶታል። ውሉ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ ሌላውን ስሌት ከመጀመርዎ በፊት ከመውጫ መብት የሚያግድ አንቀጽ መኖሩን ያንብቡ። ገና ያልተፈራረመ ደግሞ «ከሽያጩ ዋጋ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ ያስጽፍ።

3. በጽሑፍ ያስጠንቅቁ

በቁጥር 1772 መሠረት አለመፈጸምን መከራከሪያ ለማድረግ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ሻጩ አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ወይም ውሉ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ካለ ይቀራል፤ ቢሆንም ይስጡ። የውሉን ቀን፣ የከፈሉትን መጠን፣ ቀሪውን ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን፣ ሻጩ የሚፈጽመውን (ካርታውን ማቅረብ፣ ስም ማዛወር፣ ቤቱን ማስረከብ) እና ለምሳሌ የ15 ቀን ጊዜ ይጻፉ። በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። ይህ ቀን በኋላ ለወለዱም ለገበያ ዋጋውም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

4. ይፈጸም ወይስ ይሰረዝ?

ካሳው የሚለካው በዚህ ምርጫ ነው። ውሉ እንዲፈጸም ከጠየቁ ቤቱን በውሉ ዋጋ ስለሚያገኙ የዋጋ ጭማሪ ካሳ የለም፤ የሚቀረው የመዘግየት ጉዳት ነው፤ በዋናነት የከፈሉት ወይም ያጡት ኪራይ። ይህን መንገድ የመረጠ ቶሎ መክሰስ አለበት፤ ከክሱ ጋርም ቤቱ ለሌላ እንዳይዛወር እግድ ይጠይቅ። ስሙ ለሦስተኛ ወገን ከዞረ በኋላ «ይፈጸምልኝ» ማለት በጣም ይከብዳል።

ውሉ እንዲሰረዝ ከጠየቁ የከፈሉት ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ካሳ ነው።

5. ስሌቱ

መለኪያው በቁጥር 1799 ተቀምጧል፦ አለመፈጸሙ በአመዛዛኝ ሰው ግምት ለባለገንዘቡ (ውሉ እንዲፈጸምለት መብት ላለው፣ እዚህ ለገዢው) በመደበኛው የሚያደርሰው ጉዳት። ጥያቄው «ውሉ ቢፈጸም ኖሮ የት እገኝ ነበር?» ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ በ4,200,000 ብር ተሸጠ። 1,500,000 ተከፈለ፤ ቀሪው 2,700,000 በርክክብ ቀን መስከረም 30 ሊከፈል ነበር። ሻጩ እምቢ አለ፤ ማስጠንቀቂያው ጥቅምት 20 ላይ አበቃ። በዚያን ጊዜ የቤቱ ገበያ ዋጋ 5,000,000 ደርሷል። ገዢው በወር 20,000 እየተከራየ ቆይቶ ጥር 30 ላይ ተመሳሳይ ቤት በ5,000,000 ገዛ።

የዋጋ ልዩነቱ 800,000 ነው። ይህ ዋናው ካሳ ነው።

ኪራዩ ከመስከረም 30 እስከ ጥር 30 ለ4 ወር 80,000 ይሆናል። ከርክክብ ቀን በፊት የተከፈለ ኪራይ አይገባም፤ ውሉ ቢፈጸምም ይከፈል ነበርና። እዚህ ላይ ጎበዝ የተከሳሽ ጠበቃ አንድ ነገር ያነሳል፦ ገዢው 2,700,000 ብሩን በእነዚያ ወራት በባንክ አስቀምጦ በ7 በመቶ ወለድ 63,000 አግኝቷል፤ ስለዚህ የኪራይ ጉዳቱ 17,000 ነው። ከባድ መከራከሪያ ነው፤ አስቀድመው መልስ ያዘጋጁ።

በ1,500,000 ላይ በቁጥር 1751 የተቀመጠው 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ በወር 11,250 ነው። ግን ለእነዚያው 4 ወራት ኪራይም ወለድም አይጠይቁ። ቤቱን ቢረከቡ ኖሮ ገንዘቡ በእጅዎ አይኖርም ነበር፤ ኪራይ የቤቱን ጥቅም፣ ወለድ የገንዘቡን ጥቅም ይተካል። ሌላ ቤት ከተገዛበት ከጥር 30 ጀምሮ ግን ኪራዩ ስለሚቆም ወለዱ ገንዘቡ እስኪመለስ ይቆጠራል።

ድለላው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። 2 በመቶ ቢሆን ለመጀመሪያው ቤት 84,000፣ ለሁለተኛው 100,000 ተከፍሏል። ውሉ ቢፈጸም 84,000ው ይወጣ ስለነበር ጉዳቱ ተጨማሪው 100,000 ብቻ ነው። የዋጋ ጭማሪ ባይኖርና ሌላ ቤት ባይገዛ ግን በከንቱ የቀረው 84,000 ይጠየቃል።

በጥቅሉ የ1,500,000 መመለስና የ980,000 ካሳ፣ ከጥር 30 በኋላም ወለድ።

ልዩ ጉዳት፣ ለምሳሌ ቤቱ ውስጥ ሊከፈት የታሰበ ክሊኒክ ገቢ፣ በቁጥር 1801 መሠረት የሚገኘው ሻጩ ሲዋዋል ሁኔታውን ካወቀ ነው፤ ስለዚህ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ዶላር መንዝረው የከፈሉ በውጭ የሚኖሩ ገዢዎችም እዚሁ ይገባሉ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ57 ብር አካባቢ መንዝሮ የከፈለ ሰው ብሩ ሲመለስለት የሚሰማው ንዴት የሚገባ ነው፤ ግን ለምንዛሪ ልዩነትም ለቤቱ ዋጋ ጭማሪም በአንድነት መጠየቅ ያው ድርብ ቆጠራ ነው።

ገበያው እየወጣ ሳለ ሌላ ቤት ሳይፈልጉ ሦስት ዓመት ጠብቆ የሦስት ዓመቱን ጭማሪ መጠየቅም አያዋጣም። ቁጥር 1802 ባለገንዘቡ ጉዳቱን እንዲቀንስ ያስገድዳል።

6. ገደቡን ከስሌቱ ጋር ያስተያዩ

አብዛኛው ውል «ውል አፍራሽ ለውል አክባሪ ብር 50,000 ይከፍላል» ይላል። ገደብ ጉዳት ሳያስረዱ የሚገኝ ገንዘብ ነው፤ ጣሪያም ነው። በቁጥር 1892 መሠረት ከገደቡ በላይ ለመጠየቅ ሻጩ ለመጉዳት አስቦ ወይም በከባድ ጥፋት ማድረጉን ማስረዳት አለብዎ። ቤቱን በበለጠ ዋጋ ለሌላ የሸጠበት የተመዘገበ ውል ካለ ጥሩ ማስረጃ ነው። ገደቡ ለመዘግየት የተጻፈ ካልሆነ በቀር ውሉም ይፈጸም፣ ገደቡም ይከፈለኝ ማለት አይቻልም።

7. ማስረጃው

የገበያ ዋጋ በደላላ ምስክር ብቻ አይቆምም። በዚያው ሰፈር በዚያው ወቅት የተመዘገቡ የሽያጭ ውሎችን ይፈልጉ፤ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያስገምትም ያመልክቱ። የመሐንዲስ ግምት ሲመጣ የግንባታ ወጪን ብቻ ያሰላ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ እርስዎን የጎዳዎት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሳይሆን ቤቱ በገበያ የሚያወጣው ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል በተመዘገበው ውል ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ ከተጻፈ ችግሩ እዚህ ይወጣል፦ 4,200,000 ከፍለው 1,000,000 ያስጻፉ ገዢ፣ ሻጩ ሲክድ የተጻፈውን ይዞ ይቀራል።

8. ክሱ

ሁሉንም በአንድ ክስ ያቅርቡ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 216 መሠረት የተዘለለውን በኋላ ለብቻው መጠየቅ አይፈቀድም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዳኝነት ክፍያ በተጠየቀው መጠን ስለሚሰላ የማይገኝ ገንዘብ መጨመር ከኪስ ያስወጣል። የጠበቃ አበልና የዳኝነት ክፍያ የካሳው አካል አይደሉም፤ ከፍርዱ በኋላ በወጪና ኪሳራ ዝርዝር ይቀርባሉ፣ ደረሰኞቹም እስከዚያው ይቀመጡ።