እንባ ጠባቂና ኢንተርፖል፦ አቤቱታ ስትጽፉ እንዳትሳሳቱ ልንገራችሁ

አውሮፓ ውስጥ ለሀገሬ ልጆች አቤቱታ መጻፍና መተርጎም ከጀመርኩ ቆየሁ። ከሁሉ የሚያበግነኝ አንድ ነገር አለ፦ «የመኖሪያ ፈቃዴ ዘገየ» ብሎ ለአውሮፓ እንባ ጠባቂ መጻፍ። ስሙ እንባ ጠባቂ ስለሆነ ያለቀሰ ሁሉ የሚሄድበት ይመስለናል። አይደለም! ስትራስቡርግ ያለው መሥሪያ ቤት የሚያየው የአውሮፓ ኅብረትን ተቋማት ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽንን፣ የድንበር ጥበቃውን ፍሮንቴክስን፣ የፖሊስ ትብብሩን ዩሮፖልን። የጀርመን ወይም የጣሊያን የስደተኞች ቢሮ በደል አይመለከተውም። አንዲት እናት አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈው ልከው፣ «ሥልጣናችን አይደለም» የሚል መልስ መጣላቸው። እሳቸው መልስ ሲጠብቁ ለሀገሩ ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚሉበት ቀን አልፏል። እንባ ጠባቂው ጋ አመለከታችሁ ተብሎ የይግባኝ ቀን አይቆምላችሁም፤ ይህን ስንቴ ልናገር?

በዳዩ በእርግጥ የኅብረቱ ተቋም ከሆነ መጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂው ጻፉ። ነገሩን ካወቃችሁ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አትድከሙ።

ወደ ኢንተርፖል፣ ወደ ዓለም አቀፉ የፖሊሶች ትብብር ድርጅት ስንመጣ፣ ሰዉ ፖሊስ ልኮ የሚያስር ይመስለዋል። ሬድ ኖቲስ አንድ አባል ሀገር ሲጠይቅ ለሌሎቹ የሚሰራጭ የፍለጋ መልእክት ነው፤ አባላቱ 196 ናቸው፣ ማሰር አለማሰሩን የየሀገሩ ሕግ ይወስናል። «ድረ ገጹ ላይ ስሜ የለም» ብላችሁም ቲኬት አትቁረጡ፤ አብዛኛው ለሕዝብ አይታይም። ስማችሁ መኖር አለመኖሩን የምትጠይቁት የኢንተርፖልን ፋይሎች የሚቆጣጠረውን ኮሚሽን ነው። ክፍያ የለውም፤ «ለኮሚሽኑ የሚከፈል» እያለ ብር የሚጠይቃችሁን ደላላ አባሩት።

እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ በአማርኛ ሰነድ አጭቄ ላክሁት። ኮሚሽኑ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በዐረብኛ ነው። ተርጉሜ እስክልክ ስንት ወር ባከነ፤ ባለጉዳዩ እስካሁን ያነሳብኛል።

«ክሱ ፖለቲካ ነው» ብሎ መተውም አይበቃም። የኢንተርፖል ሕገ ደንብ አንቀጽ 3 ፖለቲካዊ፣ ወታደራዊ፣ ሃይማኖታዊና ዘርን የተመለከተ ጉዳይ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ክሱ ላይ ግን የተጻፈው ለምሳሌ «ሙስና» ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው ምን እንዳለ በቀንና በወረቀት አሳዩ። የከሰሳችሁ የሸሻችሁት መንግሥት ከሆነና ጥገኝነት ካገኛችሁ፣ ያቺን የውሳኔ ወረቀት አያይዙ። ከሃያ ገጽ ታሪክ እሷ ትከብዳለች።

የመታወቂያ ኮፒና ፊርማ አትርሱ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ትናንትም አንድ ሳይፈረም መጣልኝ።