ስብሰባው በየትኛው 8 ሰዓት ነው? የመሥሪያ ቤት መልእክት በኤአይ ስትጽፉ

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት የውጭ አገር ማናጀሮች ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በአማርኛ «ሐሙስ 8 ሰዓት በካፌው አዳራሽ ስብሰባ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ቻትጂፒቲ የሚባለውን ኤአይ ወደ እንግሊዝኛ መልስልኝ አልኩት፣ እሱም «ኤይት ኤኤም» ብሎ አሳምሮ ጻፈው፣ እኔም ሳላነበው ላክሁት። የኛ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። የነሱ 8 ሰዓት ደግሞ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት። ያን ቀን በሳቅ አለፈ። የሰርቪስ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ግን ግማሹ ፈረቃ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

የምሠራው ሀዋሳ፣ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙ ይቆየን። በወረቀት ላይ የሰው ሃብት ነኝ። በተግባር ግን ማስታወቂያ የምለጥፈው፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው፣ የቴሌግራም ግሩፑን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ፣ ከዚያም ጀሚናይና ሌሎቹ ሲከተሉ፣ ያልሞከርኩባቸው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ቆጥበውልኛል፣ አንዳንዴም አዋርደውኛል። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፦ ለውስጥ መልእክት ኤአይ ከጸሐፊነቱ ይልቅ አንባቢነቱ ነው የሚጠቅመው።

ጥሬውን እናንተ ጻፉ

«ስለ ሰርቪስ ሰዓት ለውጥ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ብትሉት ይጽፋል። እኔን የሰጠኝ ይሄን ነው፦

«ውድ የቡድን አባላት፣ ይህ መልእክት በጥሩ ሁኔታ ላይ እንደሚያገኛችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የትራንስፖርት ልምዳችሁን ለማሻሻል ያለንን ቁርጠኝነት ተከትሎ አስደሳች ለውጥ ስናበስር ደስታ ይሰማናል።»

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ የምትለባብስ ልጅ ይሄን አንብባ ምን ትላለች? ፊደሉ የኛ ነው፣ አነጋገሩ ግን የማንም አይደለም። ደግሞም ሰርቪሱ 15 ደቂቃ ቀድሞ ሊነሳ ነው፣ አስደሳቹ የቱ ጋ ነው?

እውነት ለመናገር የኛም የድሮው ማስታወቂያ ከዚህ አይሻልም ነበር። «እንደሚታወቀው ድርጅታችን የሠራተኞቹን ምቾት ለመጠበቅ ሌት ተቀን እየሠራ መሆኑ ይታወቃል» ብለን እንጀምርና ሰዓቱን አራተኛው መስመር ላይ እንደብቀዋለን። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይነገራል?

ስለዚህ መጀመሪያ በራሳችሁ አፍ አምስት መስመር ጻፉ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ካልሆነስ ምን ይሆናል። ለጓደኛ በስልክ እንደምትነግሩት። ፊደል ብትስቱ ግድ የለም። የኔ ጥሬ ይሄን ይመስል ነበር፦ «ከሰኞ ኅዳር 8 ጀምሮ የአቶቴ ሰርቪስ ከንጋቱ 11:45 ይነሳል። በፊት 12 ሰዓት ነበር። የሚቆምበት ቦታ አልተቀየረም። የታቦር ሰርቪስ እንደ ድሮው ነው።»

ከዚያ አስነብቡት

አሁን ነው ኤአዩ ሥራ የሚጀምረው። ጥሬውን ለጥፋችሁ እንዲህ በሉት፦

«የስፌት ሠራተኛ ነህ እንበል። በፈረቃ ትገባለህ፣ የምትመጣው በሰርቪስ ነው። ይህን ማስታወቂያ አንብብና ያልገባህን ነገርና ልትጠይቀው የምትችለውን ጥያቄ ሁሉ ጻፍ። ጽሑፉን ግን አታስተካክል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ። ካልከለከላችሁት እጁን ሰብስቦ አይቀመጥም፣ «የተሻሻለ ቅጂ» ብሎ ያንን የመዝገብ ቤት አማርኛ ይደፋባችኋል።

ለኔ ዘጠኝ ጥያቄ አወጣልኝ። አራቱ የማይረቡ ነበሩ። አምስቱ ግን አስደነገጡኝ። የማታ ፈረቃ መመለሻስ ይቀየራል? ሰርቪሱ ካመለጠኝና በባጃጅ ከመጣሁ ይከፈለኛል? የመጀመሪያው ቀን ላይ ባረፍድ ይቆጠርብኛል? ቅዳሜም እንዲሁ ነው? ጥያቄ ካለኝ ለማን ልደውል? ሁሉም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ለአንዱም ማስታወቂያው ላይ መልስ የለም። እነዚህን ይዤ ወደ ትራንስፖርት ክፍሉ ሄድኩ። የማታውን ጉዳይ እነሱም አላሰቡበትም ነበር፣ ስለዚህ ማስታወቂያው አንድ ቀን ዘገየ። ቢዘገይ ይሻላል። በሌላ ጊዜ ቢሆን እነዚሁ ጥያቄዎች ግሩፑ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይወርዱብኝ ነበር።

መልሶቹን ካገኛችሁ በኋላ ከፈለጋችሁ «አሳጥርልኝ» በሉት። ማሳጠር ይችልበታል። ማስረዘምም ይችልበታል፣ እሱን ግን ማንም አይፈልገውም።

የኛን ነገር አያውቅም፣ ንገሩት

አንድ ጊዜ ጽፋችሁ አስቀምጡና ሁልጊዜ ከመልእክቱ በፊት ለጥፉለት። የኔ ዝርዝር ስልኬ ኖት ላይ አለ። እየጨመርኩበት ነው የምሄደው።

ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አስላ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍ። ቀኑም እንዲሁ። ጳጉሜ የምትባል ወር አለች፣ አትዝለላት። (አንዴ የዓመቱን የሥልጠና ፕሮግራም አሥራ ሁለት ወር አድርጎ ሠራልኝ።)

ለአንድ ሰው ሲጻፍ «እርስዎ»፣ ለሁሉም ሲሆን «እናንተ»። ይሄን ካልነገራችሁት ወንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው። «ውድ ሠራተኛ፣ መታወቂያህን ይዘህ ና» ይላል፣ ግሩፑ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ከዚያ የሥራ ቃሎቻችን። ላይን ሊደርን (የስፌት ቡድን አለቃ ማለት ነው) «የመስመር መሪ» አደረገብኝና ሠራተኞቹ የመብራት ኃይል ሰው መሰላቸው። ስለዚህ ላይን ሊደር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ኦቨርታይም፣ ሰርቪስ የሚሉትን አትተርጉም ብዬዋለሁ። ሺፍትን ግን ፈረቃ በል፣ ሁሉም ይገባዋል።

ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ የኛ ቅርጽ የታወቀ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ከሥር ከሠላምታ ጋር፣ ግልባጭ። በቃል ከምታስረዱት የሰው ስም የተሰረዘበት አንድ የቆየ ደብዳቤ ስጡትና «በዚህ ቅርጽ» በሉት። ቲተርና ማህተሙ ላይ ያው እናንተው ናችሁ።

ሕግ ከራሱ አያምጣ

ይሄኛው ላይ ጠበቅ እላለሁ። ስለ ዓመት ፈቃድ ማብራሪያ ጻፍልኝ ብዬው ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን ብሎ ጻፈልኝ። ያ በድሮው አዋጅ 377/96 ነበር። አሁን የሚሠራው አዋጅ 1156/2011 ነው፣ በሱ መሠረት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመራል። የወሊድ ፈቃድም ድሮ 90 ቀን ነበር፣ አሁን 120 ነው፣ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 ከወለዱ በኋላ። ኤአዩ የቆየውንም አዲሱንም አንብቧል፣ የቱ እንደሚሠራ ግን ሁልጊዜ አይለይም። ሲሳሳትም ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ዳኛ ነው የሚናገረው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንቀጹን ከአዋጁ ወይም ከኅብረት ስምምነታችሁ ላይ ገልብጣችሁ ስጡትና «ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ምንም አትጨምር፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀምጥ፣ ለሠራተኛ በሚገባ ቋንቋ አስረዳ» በሉት። ከዚያ ቁጥሮቹን በጣት እየነካችሁ አመሳክሩ። ብዙ ገጽ አንድ ላይ አትጫኑበት። ፊደላችንን ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቦታ ሰባብረው ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ በነፃው የሚሰጣችሁ ኮታ በአማርኛ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። በየአንቀጹ አቅምሱት።

ቃለ ጉባኤ

እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ስብሰባ ላይ የጫርኩትን እንደወረደ ተይቤ «ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይሠራል በሚል አውጣልኝ» እለዋለሁ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ አሥር ደቂቃ ይሆናል። አንድ ክፉ አመል ግን አለው። ውይይትን ውሳኔ ያደርጋል። አንድ ሰው «የምሳ ሰዓት ቢረዝም ጥሩ ነበር» ካለ፣ «የምሳ ሰዓት እንዲራዘም ተወስኗል» ብሎ ቁጭ። ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው «ተነስቷል»፣ «ታምኖበታል» እና «ተወስኗል» የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል። በሦስቱ መሃል ያለው ልዩነት ጠብ ያስነሳል። ስለዚህ እኔ ማስታወሻዬ ላይ ከየመስመሩ ፊት «ተነሳ» ወይም «ተወሰነ» ብዬ ራሴ ምልክት አድርጌ ነው የምሰጠው።

ምን አይገባም

የሰው ስም፣ ደመወዝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቅጣት ደብዳቤ፣ የባንክ ቁጥር። አይገባም። በነፃው አካውንት የምትጽፉት ነገር ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ካላጠፋችሁት በስተቀር። ደግሞ እኛ አገር የተለመደ ነገር አለ፣ አብዛኞቻችን በዶላር መክፈያ ካርድ ስለሌለን አንዱ ዘመድ ውጭ ሆኖ የከፈለውን አካውንት ለአምስት ሆነን እንጠቀማለን። አምስታችሁም የአንዳችሁን ጽሑፍ ታያላችሁ ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ «አላወቅሁም» ብሎ ማምለጥ የለም። ስሙን «ሠራተኛ ሀ» አድርጉት፣ ጽሑፉ ሲመለስ እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ሀዘንም አይገባም። የአንድ ባልደረባችን አባት አርፈው ጊዜ አጥሮኝ በኤአይ የሀዘን መልእክት ላጽፍ ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ አስቦ ወደ አማርኛ መለሰው መሰለኝ፣ «ስለደረሰብዎት ኪሳራ እናዝናለን» አለኝ። ኪሳራ! ሱቅ የተዘጋበት ሰው አስመሰለው። እኛ ጋ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ፣ ለማን «ነፍስ ይማር» ተብሎ ለማን እንደማይባል የሚያውቅ ሰው ነው መጻፍ ያለበት። ሁለት መስመር ናት፣ በእጃችሁ ጻፏት፣ ከተቻለም ለቅሶ ድረሱ። ሰው ከሥራ ሲቀነስም እንደዚሁ፣ በአካል ጠርታችሁ ንገሩት።

ሲዳምኛ ሲሆን

ሀዋሳ ስለሆንን በአማርኛ ብቻ አይበቃም። በሲዳምኛ ጻፍ ሲባል ይጽፋል፣ በላቲን ፊደል የሞላ ነገር ያመጣል፣ ለማይችለው ሰው ትክክል ይመስላል። ለኔ መስሎኝ ነበር። ላይን ላይ ያለች የይርጋለም ልጅ አንብባው ስቃ ስቃ ሞተች፣ ምን እንደሚል ግን እስካሁን አልነገረችኝም። አሁን አማርኛውን እሷ ትመልሰዋለች፣ ለሥራዋም ይከፈላታል፣ ይሄን አስፈቅጄያለሁ። የማንንም ቋንቋ በነፃ አታስተርጉሙ።

በዓልም ጠይቃችሁት እንዳትለጥፉ። የፊቼ ጫምባላላን፣ የሲዳማን አዲስ ዓመት፣ ቀን ብትጠይቁት ደስ ብሎት ቀን ይቆርጥላችኋል። አያንቶዎቹ (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው የሚወስኑትን ቀን ቻትጂፒቲ ከየት ያመጣዋል? ቀኑ ሲታወጅ ጠብቁ።

ከመለጠፉ በፊት

ረጅም ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ አይነበብም። እኔ የተስማማንበትን ማስታወቂያ «ጮክ ብሎ ሲነበብ ከግማሽ ደቂቃ እንዳይበልጥ አድርገው» እለውና ላይን ሊደሮቹ በድምፅ ቀድተው ይልኩታል። የሚታወቅ ድምፅ ሲሆን ሰው ይሰማል።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን ይዤ በር ላይ ወዳሉት ጥበቃ እሄዳለሁ። ጋሼ ናቸው፣ ጡረታቸው ደርሷል፣ ስማርት ስልክ አይወዱም። የሰርቪሱን ማስታወቂያም ወሰድኩላቸው፣ ኤአዩ ያወጣቸው ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሰው፣ አምሮ፣ አጥሮ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ሰርቪሱ የሚያወርደው በየትኛው በር ነው? ዋናው በር ከሰኞ ጀምሮ ለቁፋሮ ይዘጋል ብለውናል እኮ።»

እስክሪብቶ ተውሼያቸው «በኋላ በር» ብዬ ከሥሩ ጨመርኩና ለጠፍኩት።