የዩኒቨርሲቲ ምርምርና ፋብሪካ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ዩኒቨርሲቲው ይመራመራል፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣል፣ ከዛ ፋብሪካ ይከፈታል ብሎ የሚያስብ ሰው መአት ነው። ነገሩ ግን እንደዛ ቀጥ ብሎ አይሄድም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

1. ግኝቱ የተገኘበት አገር ፋብሪካውንም ያገኛል ማለት
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የስልካችሁን ባትሪ ውሰዱ፣ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ የሚባለው ውህድ ለባትሪ እንደሚሆን እነ ተመራማሪው ጆን ጉዲናፍ ያሳዩት በ1980 እንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ግን ፓተንት ለማውጣት እንኳን ፍላጎት አልነበረውም። በ1991 ገበያ ላይ ያወጣው የጃፓኑ ሶኒ ነው። ለምን ሶኒ? አንደኛ ለቪዲዮ ካሜራው ቀለል ያለ ባትሪ ይፈልግ ነበር፣ ሁለተኛ ደግሞ የባትሪ ኤሌክትሮድ መስራት ማለት ዱቄቱን በማጣበቂያ ለውሶ ስስ የብረት ፎይል ላይ እኩል ቀብቶ ማድረቅ ነው፣ የካሴት ቴፕም የሚሰራው እንደዛው ነው ፕላስቲክ ላይ መሆኑ ነው እንጂ፣ እና ሶኒ ይሄን ስራ ሲሰራው የኖረ ድርጅት ነው። የምርምር ጽሁፉንማ ማንም ማንበብ ይችል ነበር።

2. ቶሎ ውጤት መጠበቅ
አሁን ብዙ ዘመናዊ ቺፕ ውስጥ ያለው ፊንፌት የሚባለው ትራንዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ደቃቅ ማብሪያ ማጥፊያ) አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በነፕሮፌሰር ቼንሚንግ ሁ የተሰራው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ወደ ምርት አስገባዋለሁ ያለው በ2011። በሶስት አመት ፕሮጀክት "ስንት የስራ እድል ፈጠረ" ብሎ ሪፖርት መጠየቅ ምን ይባላል?

3. ፓተንት መቁጠር
ስፓይስ የሚባለው የሰርኪት መሞከሪያ ሶፍትዌር በ1970ዎቹ እዛው በርክሌይ ተሰርቶ በነፃ ታደለ፣ የቺፕ ኢንዱስትሪው ግን ቺፑ ከመመረቱ በፊት ዲዛይኑን የሚሞክረው በሱና ከሱ በወጡ ፕሮግራሞች ሆነ። ይሄ በፓተንት ቆጠራ ዜሮ ነው።

4. ሰውን መርሳት
ዕውቀቱ በብዛት የሚጓዘው በሰው ነው። የፊንፌቱ ቼንሚንግ ሁ ራሱ ከ2001 እስከ 2004 የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነበር። ታይዋን ከዛ በፊት በ1976 መሐንዲሶቿን አሜሪካ አርሲኤ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ካምፓኒ ልካ ቺፕ አሰራር አሰልጥናለች፣ ቲኤስኤምሲ የተመሰረተው በ1987 ነው። እዛው ታይዋን ያለው የሲንቹ ሳይንስ ፓርክም (የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መንደር) በ1980 የተከፈተው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ነው፣ ህንፃውን ብቻ አይቶ የሚኮርጅ ግን ህንፃ አከራይ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ጋር የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ሲባል ዜናው የስምምነት ፊርማና ፎቶ ነው፣ ከፊርማው በኋላ ስንት ተማሪ ማሽን ላይ ቆመ፣ ስንት የፋብሪካ መሐንዲስ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ገባ ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አላየሁም።